ጥቅምት 23፦ ቀን የተጻፈለት ዜማና ቀን ያልተጻፈለት ዜማ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አገር፣ የወሩ ቀን በቁጥር ብቻ አይጠራም። አሥራ ሁለት ሲባል ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ሲባል ማርያም፣ ሃያ ሦስት ሲባል ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ማኅበርተኛው ጠላውን የሚጠምቀው፣ ባለዕዳው «በዚህ ቀን እከፍልሃለሁ» ብሎ ቀጠሮ የሚሰጠው፣ አዝማሪውም መሰንቆውን አንግቶ ወደየትኛው ደብር መንገድ እንደሚጀምር የሚያውቀው በዚሁ አቈጣጠር ነው። በተለይም ዲማ ጊዮርጊስንና ሞጣ ጊዮርጊስን የመሰሉ ስመ ጥር ደብሮች ባሉበት አገር ሃያ ሦስት ቀን እንደ ተራ ቀን አይታይም።

በውጭ አገር ጋዜጦች «በዛሬው ቀን በሙዚቃ ታሪክ ምን ተደረገ?» የሚል ዐምድ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። እገሌ የተባለው ዘፋኝ በዚህ ቀን ተወለደ፤ እገሌ የተባለው ሸክላ በዚህ ቀን ወጣ እያሉ አንባቢውን ያስታውሳሉ። እኛስ ከራሳችን ዘመን አቈጣጠር አንድ ቀን መርጠን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብንጠይቅ ምን እናገኛለን?

ለዚህ ጥያቄ ጥቅምት 23ን የመሰለ ቀን ማግኘት ያስቸግራል። በ1923 ዓ.ም. በዚህ ዕለት የአንድ ጎጃሜ ባለቅኔ ግጥምና የአንድ አርመናዊ ሙዚቀኛ ዜማ ተጋጥመው በአደባባይ ተሰሙ። በዚሁ ዕለት የተደረገው በዓል ወሬው ባሕር ተሻግሮ፣ ከጊዜ በኋላ ዓለም በሙሉ ለሚዘፍነው ለሬጌ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ብቸናና ሞጣ ደግሞ በዚያው ዘመን የራሳቸውን ሌላ ዘፈን ይዘፍኑ ነበር። የዚያ ዘፈን ቀን ግን በመዝገብ አልተጻፈም።

ከዓድዋ በኋላ የመጣው የነሐስ ድምፅ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ሌላ ሃያ ሦስት ቀን መመለስ ያስፈልጋል። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት እንደ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የጎጃምም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በዚያ ዘምቶ ነበር። ከድሉ በኋላ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሲሰማ፣ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ ከተላኩት ስጦታዎች መካከል የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይገኙባቸው ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቤተ መንግሥቱ ድምፅ ነጋሪት፣ መለከትና እንቢልታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጡሩንባው በሰልፍ ይነፋ ጀመር።

የዚህ የነሐስ ሙዚቃ ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በኢየሩሳሌም ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ቅድስት አገርን በተሳለሙ ጊዜ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ወጣቶች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። እነዚህ ልጆች በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ከገዳሙ አስፈቅደው አርባውን ልጆች ወደ አገራችን አስመጡአቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የደረሱት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አውሮፓውያን በወራቸው ውስጥ የሌላት አሥራ ሦስተኛዋ ወራችን በዘፈናችን ታሪክ የራስዋ ድርሻ አላት ማለት ነው። የልጆቹ አስተማሪና መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ አርመናዊ ሲሆኑ፣ ወጣቶቹም «አርባ ልጆች» በሚል ስም እስከ ዛሬ ይታወቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ አላት፤ እርሷም የፈረስ ጭራ ናት። አዝማሪው የሚዘፍነውን ዜማ መሰንቆዋ አብራው ትከተለዋለች። በነሐስ ባንድ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ድምፅ ይዞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ስለዚህ አስቀድሞ በወረቀት የተጻፈ ዜማ፣ ሁሉንም የሚያዝ መሪ፣ የዕለት ተዕለትም ልምምድ ያስፈልገዋል። አዲሱ ሙዚቃ ከመሣሪያው ጋር ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ይህ የጽሕፈት ልማድ ነው።

የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ

ለዜማው ቃል የሰጡት ሰው ደግሞ ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጡ ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተወልደው ያደጉት ደብረ ኤልያስ በሚባለው፣ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በሚገኘው ስመ ጥር የትምህርት አገር ነው።

የዚያ አገር ትምህርት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ፣ ከውሻ ጋርም እየታገለ ይማራል። ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወረ መምህር ይፈልጋል። በኋላ ጊዜ ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚህ ሦስት ደብሮች እየተዘዋወሩ ተምረዋል። ከእነዚህም ዲማ ጊዮርጊስን በመጽሐፋቸው ውስጥ ለሁላችንም አስተዋውቀውናል።

በቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ይቈጥራል፤ ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ፣ ቤቱን ሳይሰብር፣ ለመምህሩ ያቀርባል። ጥሩ ከሆነ «ይበል!» ይባልለታል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። ስንቱ የረቀቀ ቅኔ እንዲህ ለአንድ ቀን ኖሮ ቀረ!

ዮፍታሔ ንጉሤ ይህን ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በዚያም በትምህርት ቤት እያገለገሉ ግጥምና ተውኔት መጻፍ ጀመሩ። ከናልባንዲያንም ጋር ያገናኛቸው ይኸው የጥበብ ሥራ ነው። አንዱ ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም፣ አንዱ ከጎጃም የቅኔ ገዳም መጥተው የኢትዮጵያን ሕዝብ መዝሙር አዘጋጁ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለው መዝሙር ዜማው የናልባንዲያን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ነው። በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቍጠር የለመደ ሰው፣ በየዓመቱ ሳይለወጥ የሚዘመር ግጥም እንዲጽፍ መታዘዙ የሚያስገርም ነገር ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923

ዕለቱ እሑድ ነበረ። በአዲስ አበባ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በወርኃዊው የጊዮርጊስ ቀን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን ዘውድ ጭነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። እቴጌ መነንም በዚሁ ዕለት ዘውድ ጫኑ። ከእንግሊዝ አገር የንጉሡ ልጅ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ አገር ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከሌሎችም አገሮች ብዙ መልእክተኞች መጥተው ነበር። ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎችም ከየአገሩ ጐረፉ።

በዚህ በዓል ላይ አዲሱ የሕዝብ መዝሙር ተሰማ። የካህናቱ ማሕሌት ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር እንደ ጥንቱ ሲቀጥል፣ ከነሐስ መሣሪያ የሚወጣውም ድምፅ በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ የመንግሥት በዓል ላይ የክብር ቦታ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ብንቈጥረው ነገሩ ሰፊ ነው። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ተብሎ በየዓመቱ ሲከበር፣ እነዚህ የሙዚቃ ክፍሎች ችሎታቸውን የሚያሳዩበት ቀን ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ተመርቆ ተከፈተ። የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚህ ቴአትርና በሌሎችም የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥነዋል። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ፣ ማሕሙድ አሕመድም ወደዚያው ክቡር ዘበኛ ገብተው ሕዝቡን ያስደሰቱት በዚህ በተጠረገው መንገድ ነው። ለሰልፍ የመጣው ጡሩንባ የፍቅር ዘፈን ማጀብ ተማረ።

ዮፍታሔ ንጉሤ ግን ይህን ሁሉ አላዩም። በወረራው ዘመን በስደት ሱዳን ቈይተው፣ ከነፃነት በኋላ አገራቸው ገብተው ሲሠሩ፣ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

በብቸናና በሞጣ የሚሰማው ሌላ ዘፈን

አሁን ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ እንመለስ። በዚያ አገር ዘፈን የሚፈጠረው እንዴት ነው? አዝማሪው በሠርግ ወይም በጠላ ቤት መሰንቆውን ይገዘግዛል። ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ «ተቀበል!» ይለውና ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ ሌላው ደግሞ መልስ ይሰጣል። እንግዲህ የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው? ገጣሚው ነው ወይስ አዝማሪው? ሁለቱም ናቸው፤ በዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉም ነው። ሹም ቢያጠፋ በዚህ መንገድ ይነገረዋል፤ ጀግና ቢሞት በዚህ መንገድ ይለቀስለታል። ነገሩ በሰምና ወርቅ የተሸፈነ ስለሆነም ተናጋሪውን ለመያዝ ያስቸግራል።

ጣሊያኖች ይህን ኃይል ተረድተውት ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ባለሥልጣኖቹ ትንቢት ተናጋሪዎችንና በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑትን ሰዎች ሕዝቡን ያነሣሣሉ ብለው እያሳደዱ ገደሉ። አንድ አውታር ያላትን መሰንቆ የሚፈራ መድፍ የታጠቀ መንግሥት!

በዚያው ዘመን በብቸና አካባቢ በላይ ዘለቀ ተነሥቶ ጠላትን ተዋጋ። በየሸለቆው ቀረርቶና ሽለላ ተሰማ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ገብተው፣ በጎጃም በኩል አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በላይ ዘለቀም ደጃዝማችነት ተሾመ። ነገር ግን ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ተበላሽቶ፣ ሸፍቶ ተይዞ፣ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ጎጃም አለቀሰለት። የተዘፈነለትም ዘፈን እስከ ዛሬ በሠርግ ቤት ሳይቀር ይሰማል።

በዚያ ዘመን ብቸናና ሞጣ የአውራጃ ከተሞች ነበሩ። ጥቅምት 23 በደረሰ ቍጥርም የዘውዱ በዓል እንደ ሌላው አገር በእነርሱም ዘንድ ይከበር ነበር። የጎጃሜው ባለቅኔ ቃል በጎጃም ትምህርት ቤቶች ይዘመራል፤ ማታ ደግሞ በጠላ ቤት ስለ በላይ ይዘፈናል። ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ አገር፣ ምናልባትም በአንድ ሰው አፍ፣ ጐን ለጐን ኖሩ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ በጎጃም ላይ ሊሠራበት ሲል፣ ገበሬው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካበት ሠጋ። ሞጣና ብቸና ከዳሞት ጋር የዐመፁ ዋና ቦታዎች ሆኑ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ለገበሬው ተማረለት። እንዲህ ያለው ጊዜ ያለ ቀረርቶና ያለ ፉከራ አያልፍም። ግን ከእነዚያ ግጥሞች የትኛው በየትኛው ቀን፣ በማን አፍ ተጀመረ ብንል ማን ይመልስልናል?

ባሕር የተሻገረው ጥቅምት 23

የዘውዱ በዓል ወሬ በአዲስ አበባ ብቻ አልቀረም። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1923 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በሰፊ ጽሑፍና በሥዕል አወጣው። በጃማይካ ደሴት የሚኖሩ፣ አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ድሆች፣ ጥቁር ንጉሥ ዘውድ ሲጭን የነጭ ነገሥታት መልእክተኞች እጅ ሲነሡ አዩ። ሊዮናርድ ሀዌል የሚባል ሰው የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶግራፍ ይዞ መስበክ ጀመረ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎችም ከስሰው አሠሩት። ተከታዮቹ ከዘውድ በፊት በነበረው ስም «ራስ ተፈሪያን» ተባሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ጸሎታቸው ከበሮ ነበር። ካውንት ኦሲ የተባለው ከበሮ መቺ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ይህን ከበሮ ወደ ሸክላ አስገባው። ከጊዜ በኋላም የከበሮው ምትና እምነቱ ሬጌ በተባለው ሙዚቃ ውስጥ ገቡ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ሲጐበኙ በአውሮፕላን ማረፊያው የተሰበሰበው ሕዝብ ለጠባቂዎች የሚያዳግት ነበር። በመንገድ ዳር ቆመው ካዩአቸው ሰዎች አንዷ የቦብ ማርሌይ ባለቤት ሪታ ማርሌይ ናት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ስለ ሰው ዘር እኩልነት ንግግር አደረጉ። ያም ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነበር። ቦብ ማርሌይ ከዚህ ንግግር የተወሰዱትን ቃላት «ጦርነት» በሚለው ዘፈኑ ዘፈናቸው፤ ዘፈኑም የወጣው በ1968 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ዐርፈው ነበር። በአገራቸው ስማቸውን በክብር ማንሣት አስጊ በሆነበት ወራት፣ ንግግራቸው በዓለም ዙሪያ በጊታር ይዘፈን ነበር። ቦብ ማርሌይም በ1973 ዓ.ም. በአቡነ ይስሐቅ አጥማቂነት ክርስትና ተነሥቶ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዐረፈ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ስድሳኛው የልደት በዓሉ በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር።

ራስ ተፈሪያን የዘውዱን ቀን ዛሬም ያከብራሉ። የሚያከብሩት ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 2 ነው። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን በሚቀጥለው ዓመት የእኛ ጥቅምት 23 ኖቬምበር 3 ላይ ይውላል። ስለዚህ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እነርሱ በዓሉን የሚያከብሩት ከጊዮርጊስ ዋዜማ ላይ ነው ማለት ነው።

መዝገብ የሌለው ሀብት

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጥቅምት 23 ታሪክ ይህን ይመስላል። መዝሙሩ የታዘዘው ለዘውድ ክብር ነበር። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ወረደ፤ መዝሙሩም ቀረ። በእርሱ ቦታ በደርግ ዘመን ሌላ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ዛሬ የምንዘምረው ተተካ። ቀኑም የመንግሥት በዓል መሆኑ አበቃ። ከዚያ ቀን የተረፈው ያዘዙት ሰዎች ያላሰቡት ነው፤ እርሱም የጡሩንባው ልጅ የሆነው ዘመናዊ ዘፈናችንና በሩቅ ደሴት የበቀለው ሬጌ ነው። ዜማ ካዘዘው ሰው እጅ ሲወጣ ወደየት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሁሉ ግን ልንቈጥር የቻልነው ቀኑ ተጽፎ ስለ ቈየን ነው። አርባው ልጆች የገቡበት ዕለት ይታወቃል፤ መዝሙሩ የተሰማበት ይታወቃል፤ ጃማይካኖችም የእነርሱን ቀን ጽፈዋል። የብቸናና የሞጣ አዝማሪ ዘፈን ግን ብዙው እንደ ቅኔ ቤት ቅኔ «ይበል!» ተብሎለት ያለ መዝገብ ቀርቷል። የበላይ ዘለቀ ዘፈን የተረፈው የሚዘፍነው ሰው ስላላቋረጠ ነው። ዝምታ አንድ ትውልድ ብቻ ቢቈይ ግን እርሱም ይጠፋል።

ስለዚህ በዚያ አገር የምትኖሩ መምህራንና ተማሪዎች፣ ሥራው ከባድ አይደለም። በ1960ው ዐመፅ ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ገና የሚያስታውስ ሳለ ጠይቁት። ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ሰጠው፣ የትኛው አዝማሪ እንደ ተቀበለው፣ በየትኛው መንደር እንደ ተዘፈነ ጻፉ። «ቀኑን አላውቀውም» ቢላችሁ «የማን ዕለት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። የወሩን ቍጥር የረሳ ሰው ጊዮርጊስ ይሁን ሚካኤል አይረሳም።